«ምሥጢር» የተባለው ሰነፍ ቃል

በእኛ የግጥም ሰፈር ጨረቃ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ሆናለች፤ ሁሉም ያዝንላታል፣ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። እኛ ገጣሚ ነን የምንል ሰዎች በእርሷ ላይ ያልጫንነው ሸክም የለም፦ የተለየችንን ፍቅረኛ ፊት፣ የእናትን ናፍቆት፣ የስደትን ሌሊት፣ የአገርን እንባ። ዙሪያዋን የብርሃን ቀለበት የከበባት ዕለት ደግሞ ብዕራችን ከመቼውም ይልቅ ይፈጥናል። ቀለበቱ ወዲያው የጋብቻ ቀለበት፣ ወይም የእስር ቤት አጥር፣ ወይም የቅዱሳን አክሊል ይሆናል። ይሁን። ግጥም ያለ ምሳሌ አይኖርም፤ ምሳሌን አልነቅፍም። የምነቅፈው ከምሳሌው ኋላ ተደብቆ የሚመጣውን አንድ አባባል ነው፦ «ቀለበቱ እንዴት እንደሚሠራ አትንገረኝ፤ ከነገርከኝ ግጥሙ ይሞታል»።

ይህን አባባል በምሽት የግጥም መድረኮች ላይ ሰምቼዋለሁ፤ በመጻሕፍት መግቢያ ላይ አንብቤዋለሁ፤ በቡና ላይ ወዳጆቼ በፍቅር ነግረውኛል። ሁልጊዜ የሚነገረው ለጥበብ ከመቆርቆር በመነጨ፣ በተመረጠ ዝግ ባለ ድምፅ ነው። እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ። ከስንፍናም አልፎ የእኛ ያልሆነ፣ ከሰው አገር በውሰት መጥቶ የባህል ካባ የደረበ ስንፍና ነው።

በነገሩ ውስጥ የግል ቂም አለኝ፤ አልደብቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የግጥም መድበል የሚከተሉትን አራት መስመሮች ልኬ ነበር፦

በስንዝሬ ለካሁ የጨረቃን አጥር፣
ሃያ ሁለት ሆነ የብርሃኗ ቁጥር፤
ያንቺ ጨረር ሌላ፣ የኔ ጨረር ሌላ፣
ባንዲት ጨረቃ ሥር ሁለት ሰማይ ሞላ።

ታላቅ ግጥም ነው አልልም። አዘጋጁ ግን ደካማ ነው ብሎ አልመለሰልኝም፤ ቢልማ ኖሮ እቀበለው ነበር። ያለኝ እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ፣ ቤቱ ጥሩ ይመታል፤ ይቺን ሁለተኛዋን መስመር ብቻ አስተካክላት። ሃያ ሁለት ምንድን ነው? ቁጥሩን ለባንክህ ተውለት። ‹ማን ያውቀው ይሆናል የብርሃኗን ምሥጢር› ብትል ከ‹አጥር› ጋርም ይገጥምልሃል።» በእርግጥም ይገጥማል። «ምሥጢር» በአማርኛ ከብዙ ነገር ጋር ይገጥማል፤ ለዚህም ነው በየግጥሙ ጫፍ ላይ ተሰትሮ የሚገኘው። እኔ ግን መስመሬን መልሼ ኪሴ ከተትኳት። ምክንያቴም በዚያች መስመር ውስጥ ያለው ቁጥር ጌጥ ሳይሆን የግጥሙ ሥር መሆኑ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት፣ ሰማዩ ላይ እንደ ነጠላ የሳሳ ደመና በተዘረጋበት ሌሊት ክንድዎን ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፤ መዳፍዎን ይክፈቱ፤ አውራ ጣትዎን በጨረቃዋ ላይ ያሳርፉ። የትንሿ ጣትዎ ጫፍ ቀለበቱን ይነካል። ይህ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ያለው ርቀት በቋንቋችን ስም አለው፤ ስንዝር ይባላል። በተዘረጋ ክንድ ላይ ያለ ስንዝር ሃያ፣ ሃያ ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው። የቀለበቱ ርቀት ከጨረቃም ሆነ ከፀሐይ 22 ዲግሪ ነው፤ ዛሬም፣ የዛሬ ሺህ ዓመትም፣ በጎንደርም፣ በስቶክሆልምም።

ለምን ሃያ ሁለት? ደመናው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ከውኃ ጠብታ ሳይሆን ከበረዶ ቅንጣት የተሠራ ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ቆመን ካፖርት ስንደርብ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ብርድ የሚያድጉት ብዙዎቹ ቅንጣቶች ስድስት ጎን አላቸው። ተማሪ ቤት የጻፍንበትን እርሳስ ያስታውሱ፤ ቅርጹ እርሱ ነው። ብርሃን በእርሳሱ አንድ ጎን ይገባል፤ ተከታዩን ጎን ዘልሎ በሦስተኛው ይወጣል። እነዚህ ሁለት ጎኖች በመካከላቸው የ60 ዲግሪ ማዕዘን ስላላቸው ቅንጣቱ እንደ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ሆኖ ብርሃኑን ያጥፈዋል። ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሰበት ነገር ይህ ነበር።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ይረዳኛል፤ አዘጋጁ ይቅር ይበለኝ። አንድ ባንክ «ሒሳብ ለመክፈት ከዚህ መጠን ያነሰ አንቀበልም» ብሎ ወለል ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ የፈለጉትን ያህል ማስገባት ይቻላል። መዝገቡን ሲገልጡት ግን ከወለሉ በታች ማንም የለም፤ ልክ በወለሉ ላይ ግን ሕዝቡ ተጨናንቆ ይገኛል። የበረዶው ቅንጣትም እንዲሁ ነው። በአየር ላይ እንደወደቀ ይገላበጣል፤ እንደ አገላበጡም ብርሃኑን ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ዲግሪ ሊያጥፈው ይችላል። ከሃያ ሁለት በታች ግን አያጥፍም። አብዛኛውም ጨረር እዚያው ወለሉ አጠገብ ይከማቻል። በቀለበቱ ውስጥ ያለው ሰማይ ከውጪው የጠቆረ የሚመስለው ስለዚህ ነው፤ ከወለሉ በታች ማንም የለምና። ቀይ ብርሃን ከሁሉም ያነሰ ስለሚታጠፍ የውስጠኛው ጠርዝ ይቀላል፤ ወደ ውጪ ሲሄድ ይነጣል፣ ትንሽም ሰማያዊነት ይኖረዋል። በጨረቃ ቀለበት ላይ ይህ ቀለም አለ፤ እኛ ነን የማናየው። ዓይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም መለየት ስለሚያቅተው ነጭ አድርጎ ያሳየናል። ካሜራ ግን ቀለሙን ያወጣዋል። «የጨረቃ ነጭ አክሊል» ብሎ የጻፈ ሁሉ የገለጸው የራሱን ዓይን ድካም ነው ማለት ነው። ይህን ያወቀ ገጣሚ ምን ያህል ሊጽፍበት እንደሚችል አስቡት።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ቀለበቱ የጨረቃ አይደለም። ጨረቃ ከእኛ 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቀለበቱን የሚሠሩት ቅንጣቶች ከጭንቅላታችን በላይ ያላቸው ርቀት ከመገናኛ እስከ ጦር ኃይሎች ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥም። «ጨረቃ ቀለበት አጠለቀች» ስንል ከደጃችን ያለውን በረዶ ለሩቅ እንግዳ እንሰጣለን። ደግሞም ቀለበቱን የሚያሳዩኝ ቅንጣቶች ከእኔ ዓይን አንጻር በሃያ ሁለት ዲግሪ የቆሙት ብቻ ናቸው። አጠገቤ የቆመችው ሴት የምታየው በሌሎች ቅንጣቶች የተሠራ ሌላ ቀለበት ነው። ከሁለታችን አንዳችን ብንንቀሳቀስ ቀለበታችን አብሮን ይንቀሳቀሳል። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ቆመው «አየኸው?» «አየሁት» ሲባባሉ አንድ ነገር አላዩም። ሦስተኛና አራተኛ መስመሮቼ የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ሁለተኛዋ መስመር «ማን ያውቀው ይሆናል» ካለች እነዚያ ሁለቱ ከየት ይመጣሉ? ከአየር ላይ የተንጠለጠለ የፍቅር ወግ ይሆናሉ፤ እርሱ ደግሞ በየመድበሉ ሞልቷል።

አሁን ወደ አባባሉ ምንጭ ልሂድ። «ማብራሪያ ግጥምን ይገድላል» የሚሉ ወዳጆቼ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት በአባቶች ስም ነው። ይህ የምዕራባውያን መሣሪያና ቀመር የእኛን የተሰወረ ጥበብ እንዳያረክሰው ይሰጋሉ። የአባባሉ የትውልድ መዝገብ ቢገለጥ ግን አገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1817 በለንደን፣ በሠዓሊው ቤንጃሚን ሮበርት ሄይደን ቤት በተደረገ እራት ላይ ወርድስወርዝ፣ ቻርልስ ላምና ወጣቱ ጆን ኪትስ ተገኝተው ነበር። ላምና ኪትስ ኒውተን የቀስተ ደመናን ግጥም ወደ ቀለማት ዝርዝር አውርዶ አጠፋው ብለው ተስማሙ፤ እየሳቁም ለኒውተን ጤንነትና ለሒሳብ ውርደት ጽዋ አነሡ። ኪትስ ይኸንኑ ቅሬታ በ1820 ባሳተመው «ላሚያ» በተባለ ረጅም ግጥሙ አሰፈረው። እንግዲህ «የአባቶች» የተባለው ሐሳብ የአንድ የለንደን እራት የወይን ጠጅ ላይ ጨዋታ ነው። ኪትስን እወደዋለሁ። ወዳጆቼ ግን ከኪትስ የወረሱት ግጥሙን ሳይሆን ማጉረምረሙን ነው።

የእኛ አባቶችስ? መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ያለውን ክፍል የገለጠ ሰው የሚያገኘው ስለ ፀሐይና ጨረቃ ዑደት የተጻፈ ዝርዝር ነው፦ የሚወጡባቸው መስኮቶች፣ የቀንና የሌሊት እኩሌታ፣ የጨረቃ ብርሃን በአሥራ አራት ክፍል ተከፍሎ በየዕለቱ ስንት እጅ እንደሚጨምርና እንደሚጎድል። ስሌቱ ከዛሬው ጋር አይስማማ ይሆናል፤ ክርክሬ ስለ ስሌቱ አይደለም። ይህን ሁሉ ለሄኖክ የሚያሳየው መልአኩ ዑርኤል ነው። መልአኩ ሰማይን ሲያሳይ በቁጥር አሳየ፤ «ቁጥሩን ለባንክህ ተው» አላለም። ባሕረ ሐሳብን ያስተማሩን ሊቃውንትም የጨረቃን ሌሊትና የፀሐይን ዕለት ሲቆጥሩ ኖሩ፤ መቁጠራቸው ከማኅሌቱ አላገዳቸውም።

«ምሥጢር» የሚለው ቃል ራሱ በቤተ ክህነቱ አገባብ የማይጠየቅ ነገር ስም አይደለም። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ይማሯቸዋል፣ ያስተምሯቸዋል፣ ይተረጉሟቸዋል። ተምሮ የማይጨረስ ማለት ነው እንጂ የማይማሩት ማለት አይደለም። በቅኔ ቤትስ? ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ሳይፈታ «ምሥጢር ነው» ብሎ ቢቀመጥ መምህሩ የሚሉትን መገመት አያዳግትም። የአንድምታ ተርጓሚ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ አይበቃውም፤ «አንድም» ብሎ ይቀጥላል። ቀለበቱም አንድም በረዶ ነው፣ አንድም አክሊል ነው፣ አንድም የዓይናችን ድካም ነው። የመጀመሪያውን «አንድም» የሰረዘ ለሁለተኛው ምን መሠረት ይኖረዋል?

«ጉዳቱ ምንድን ነው? የግጥም ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ጉዳቱን ከመስኮቴ ጀርባ ሆኜ አይቼዋለሁ። በአንድ የበጋ ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ በከተማው ሰማይ ላይ ሙሉ ቀለበት ሠርታ ዋለች። ሰው በየመንገዱ ቆሞ አንጋጦ ያይ ነበር። በማግስቱ አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ሁሉንም አውጣልኝ» አሉኝ። መጠኑን መናገር ሙያዬ አይፈቅድልኝም፤ በዓመታት ጥረት የተጠራቀመ እንደነበር ግን ደብተሩ ይናገራል።

«እማማ፣ ምን ገጠመዎት?» አልኳቸው።

«ፀሐይ ተከባ አላየህም እንዴ ትናንት? ጦር ነው፣ ራብ ነው አሉ። ያለችኝ በእጄ ትሁን።»

«ማን አለዎት?»

«ሁሉም ነዋ የሚለው። ምሥጢር አለው አሉ፤ ዝም ብሎ አይከብባትም።»

ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን እርሳስ አንሥቼ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው እያጉረመረመ፣ ስለ ስድስቱ ጎኖች ነገርኳቸው። «በዚህ ሐሩር በረዶ?» ብለው ሳቁብኝ። እርሳሱን ግን ተቀብለው ጎኖቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። በመጨረሻ ግማሹን አወጡ፣ ግማሹን ተዉት። ያወጡት ግማሽ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እኔን ያስደነገጠኝ ቃሉ ነው። ሴትዮዋን ያስፈራራቸው የሰፈር ነቢይና የእኔን መስመር ሊያርም የፈለገው አዘጋጅ የተጠቀሙት አንድ ቃል ነበር። ገጣሚው ሰማዩን ባዶ አድርጎ ይተዋል፤ በባዶው ላይ ሟርተኛው ድንኳኑን ይተክላል።

ሰማዩ ራሱ ለሟርተኛ የሚመች ምስክር አለመሆኑንም ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1461 በእንግሊዝ፣ ከሞርቲመርስ ክሮስ ጦርነት በፊት፣ ከፀሐይ ግራና ቀኝ ሁለት ሐሰተኛ ፀሐዮች ታዩ። እነዚህም የቀለበቱ ዘመዶች ናቸው፤ ጠፍጣፋ የበረዶ ቅንጣቶች አግድም ሲንሳፈፉ የሚሠሯቸው። ኋላ አራተኛው ኤድዋርድ የተባለው ወጣት የደነገጡትን ወታደሮቹን መልካም ምልክት ነው ብሎ አደፋፈራቸው፤ አሸነፈም። በ1535 ደግሞ በስቶክሆልም ሰማይ ላይ ቀለበቶችና ሐሰተኛ ፀሐዮች ታዩ፤ የተሐድሶው ሰባኪ ኦላውስ ፔትሪ ሥዕሉን አሠራው፣ ሕዝቡም የቁጣ ምልክት አድርጎ ተወያየበት። በ1636 የተሠራው ቅጂ ዛሬም በከተማዋ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተሰቅሎ ይገኛል። ያው በረዶ ነው፤ ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ቁጣ ሆነ።

እግረ መንገዴን ለ«ሳይንስ ወዳዶችም» አንድ ቃል አለኝ። «ጨረቃ ከተከበበች ዝናብ ይመጣል» የሚለውን የአውሮፓ ብሂል እንደ ጥናት ውጤት የሚያዛምቱ አሉ። በዚያ አገር ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ እየወጣ ሲመጣ ስሱ የበረዶ ደመና ቀድሞ ስለሚደርስ ብሂሉ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የእኛ ዝናብ ግን አመጣጡ ሌላ ነው። በእኛ ሰማይ ያ ስስ ደመና ብዙ ጊዜ ነጎድጓዱ ካበቃ በኋላ ከአናቱ ተርፎ የተዘረጋ ፍርፋሪ ነው። የተዋሱትን ሳይመረምሩ መድገም ከገጣሚዎቹ ስንፍና ጋር ወንድማማች ነው።

በእኛ ሰማይ የሚገኝና አውሮፓውያኑ የሚቀኑብን ነገር ግን አለ። ፀሐይ ከአድማስ ከ58 ዲግሪ በላይ ስትወጣ፣ ጠፍጣፋዎቹ የበረዶ ቅንጣቶች በጎናቸው የተቀበሉትን ብርሃን በሆዳቸው ያወጡታል፤ ከፀሐይ በታች ሁለት ስንዝር ያህል ወርዶ፣ ከአድማስ ጋር ትይዩ የሆነ፣ ከቀስተ ደመና የጠራ ባለ ቀለም ሰንበር በደመናው ላይ ይዘረጋል። በስቶክሆልም ፀሐይ ያን ያህል ከፍታ ላይ ስለማትደርስ ይህ ነገር ፈጽሞ አይታይም፤ የ1535ቱን ሰማይ የሣለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጠብቅ ከዚያ ቆሞ ሊያየው አይችልም ነበር። በአዲስ አበባ ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ከዚያ ከፍታ በላይ ናት፤ የሚያስፈልገው ትክክለኛው ደመና ብቻ ነው። እኔ በምሳ ሰዓት፣ ፀሐይቱን በመብራት ምሰሶ ከልዬ (በባዶ ዓይን ፀሐይን ማየት ያሳውራልና)፣ ወደ ታችኛው ሰማይ እመለከታለሁ። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። አጠገቤ ያለፉት ሰዎች «ቀስተ ደመና» አሉት። ቀስትም አይደለም፤ ዝናብም አልነበረም፤ ቀስተ ደመና ፀሐይን ከኋላ አድርገው የሚያዩት ነው፣ ይህ ግን ከፀሐይዋ በታች ፊት ለፊት የተዘረጋ ነው። በአማርኛ የራሱ ስም ይገባዋል። ስም የሚያወጣለት ገጣሚ ካለ መስመሩን በደስታ አነብለታለሁ፤ «ምሥጢር» የሚለው ብቻ ተይዟል።